የአራስ ቤት ካርታ

እኔ መሸነፍ የማልወድ ሰው ነኝ። ይህን ቀድሜ የምናገረው በኋላ የምነግራችሁን ስትሰሙ "ይቺ ሴት ቀጠፈች" እንዳትሉኝ ነው። ንፋስ መውጫ ከተማ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼ ከእኔ ጋር ክርክር አይገጥሙም፣ ባሌ ታፈረም ከተጋባን ወዲህ ትቶታል። ይህችው እኔ፣ ዓለምጸሐይ፣ ባለፈው ሁዳዴ አንድ የካርታ ጨዋታ ለመሸነፍ ሦስት ሳምንት ሙሉ ለፋሁ።

በጥምቀት ማግስት ሴት ልጅ ወለድኩ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ እስከዚያ አራስ ደጅ አትወጣም። እንደ እኔ እግሯ አርፎ ለማይቀመጥ ሴት ሰማንያ ቀን አልጋ ላይ ገንፎ እየዋጡ መዋል ምን እንደሆነ የወለደች ታውቀዋለች። አክስቴ አልጣሽ ሊያርሱኝ ከመካነ ኢየሱስ መጡ። መጥተው ራስጌዬ ቢላዋ አስቀመጡ፣ መስኮቱን በጋቢ ጋረዱ፣ ጠያቂውን ሁሉ እጁን ሳይታጠብ እንዳይገባ ከለከሉ። ደግ ሴት ናቸው፤ ብቻ ቀኑን ሙሉ አብሬያቸው ስውል ልቤ ውልቅ ይላል።

ያተረፈኝ ታናሽ ወንድሜ ምንተስኖት ነው። ሲማዳ የእንስሳት ሐኪም ነበር። እናታችንን ቀብረን፣ አባታችንን መሪጌታንም ቀብረን፣ ከዚያ ቤት የቀረነው ሁለታችን ብቻ ነበርን። "እታለም፣ ከምትነጫነጪ ነይ ካርታ እንጫወት" አለኝና አንድ ጨዋታ ስልኬ ላይ አስጫነኝ።

ጨዋታው ቀላል ነው። አራት ወንበር አለ፤ ፊት ለፊት የተቀመጡት ጓደኛሞች ናቸው። እኔና ምንተስኖት አንድ ወገን፣ ሁለቱ ሌሎች ደግሞ ኮምፒዩተሮች። ኮምፒዩተሮቹ የፈረንጅ ስም ነበራቸው፤ ምንተስኖት አንዱን አለቃ፣ አንዱን ምስለኔ ብሎ ስማቸውን ለወጠው። ለእያንዳንዱ አሥራ ሦስት ካርታ ይታደላል። አራቱም አንዳንድ ይጥላሉ፤ ትልቁን የጣለ አራቱን ይበላል፤ ያ አንድ እጅ ይባላል። ሳይጀመር ግን ሁሉም ስንት እጅ እንደሚበላ ይናገራል፣ የሁለቱ ጓደኛሞች ቁጥር ይደመራል። ያሉትን ያህል ከበሉ በአሥር ተባዝቶ ነጥብ ይሆናቸዋል፤ ከጎደላቸው ያው ይቀነስባቸዋል። ምንተስኖት ማብቂያውን አምስት ሺህ ነጥብ ላይ አደረገው። አምስት ሺህ ቀድሞ የደረሰ ወገን ያሸንፋል፣ ጠረጴዛውም ይዘጋል። "እስከ ክርስትናው ያዘልቀናል" አለኝ።

ወንድሜ ነውና ላመስግነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን እንደ እሱ ያለ መጥፎ ተጫዋች አይቼ አላውቅም። ሦስት እላለሁ ብሎ አንድ ይበላል። እኔ የበላሁትን እጅ እሱ በላዩ ላይ ትልቅ ጥሎ ያባክናል። መሀል ላይ ጥፍት ይልና ከሩብ ሰዓት በኋላ "ላም ይዤ ነበር፣ ጠብቂኝ" ብሎ ይጽፋል። እኔም እሰድበዋለሁ፣ እሱም ይስቃል። ይኸው ነበር ጨዋታችን።

ልጄ በአሥራ ስድስት ቀኗ፣ አርብ ጠዋት፣ ከመኪና ላይ ሆኖ ይጫወት ነበር። ለከብት ክትባት አርብ ገበያ ወደምትባል ከተማ ይሄዳል። "መኪናው ሲንጠን ካርታው ተምታታብኝ" ብሎ ጻፈ። "ቤትህ ተቀምጠህም ይምታታብሃል" አልኩት። ከዚያ አንድ ካርታ ለመጣል ቆየ፣ ቆየ፣ እኔም ልጄን አገላብጬ አጠባሁ። ተመልሼ ሳይ ጥሏል። ደህና ካርታ ነው የጣለው። የሚቀጥለውንም ወዲያው ጣለ፣ የሚቀጥለውንም። ሦስት እስክቆጥር ካርታው ከተፍ ይላል። ያን ዙር በላን፣ የሚቀጥለውንም በላን። ደስ ብሎኝ "ዛሬ ገና ሰው ሆንክ" ብዬ ጻፍኩለት።

አልመለሰልኝም። ኔትወርክ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ከዚያ ቀን በኋላ ምንተስኖት አልደወለም። ስደውል አይሠራም። ጨዋታው ላይ ግን ጠዋትም ልክፈት ከሰዓት፣ ስሙ ከፊቴ ተቀምጧል፣ ከጎኑ አረንጓዴ ነጥብ በርቶ። ይጫወታል። አራት ካለ አራት ይበላል፣ ሁለት ካለ ሁለት። ቅንጣት ስህተት የለበትም። ቃል ግን አይተነፍስም። ብሰድበው ዝም፣ ባሞግሰው ዝም። ማሸነፍ እወድ የለ፤ ይኸው አሸነፍን፤ ግን እንዲህ ያለው ማሸነፍ ደስ አይልም። ምን ቢቆጣኝ ነው እንዲህ የዘጋኝ ብዬ ከፋኝ።

ቤት ውስጥም ነገሩ ተለዋውጧል። ታፈረ ዓይኑ ፍም መስሎ ይገባል፤ "ጉንፋን ነው" ይለኛል። አክስቴ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰው ከደጅ ሲገቡ አየኋቸው፤ ማየቴን ሲያውቁ በሩ ላይ ቆመው አቃኑት። ጠያቂ ሴቶች እንደ ወትሮው አያወሩም፤ ልጅቱን ያዩና "ታሳድግሽ" ብለው ይወጣሉ።

አንድ ቀን አክስቴ ገንፎ ይዘው ሲገቡ "ምንተስኖት ምን ነክቶት ነው የማይደውለው?" አልኳቸው።

"ሲማዳ ኔትወርክ ጠፍቷል አሉ።"

"እንዴት ይጠፋል አክስቴ? አሁን ከእኔ ጋር እየተጫወተ ነው እኮ።"

ገንፎውን መሬት ላይ አስቀመጡት። "ከማን ጋር?" አሉ።

"ከምንተስኖት ነዋ። ይኸው" ብዬ ስልኩን አዞርኩላቸው። አክስቴ ፊደል የቆጠሩ ናቸው። ስሙን አነበቡ፣ አረንጓዴዋን ነጥብ አዩ፣ ልክ በዚያች ደቂቃ የእሱ ተራ ደረሰና ካርታው በራሱ ተንሸራቶ መሀል ላይ ወደቀ። አማተቡ። ገንፎውን እዚያው ትተው ወጡ፤ ጓዳ ውስጥ ከታፈረ ጋር ሲንሾካሾኩ ሰማኋቸው።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ስልኬን መፍራት ጀመሩ። ስጫወት አክስቴ ወደ ክፍሉ አይገቡም፤ ከደጃፍ ሆነው "ጨረስሽ?" ይላሉ። አንድ ጊዜ ከእንቅልፌ ብነቃ ራስጌዬ የነበረው ቢላዋ ስልኩ ላይ ተጋድሟል። ሳቅሁባቸው። አራሷ እኔ፣ የሚጠበቀው ስልኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት እንዲህ ነው፤ እነሱ በፍርሃት እየራዱ እኔ እስቃለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት የንስሐ አባታችንን ቄስ ኃይለ ሚካኤልን አመጧቸው። ለአራስ ቤት ጠበል መርጨት የተለመደ ነውና አልገረመኝም። ቄሱ መስቀል አሳለሙኝ፣ ልጅቱን ባረኩ፤ ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና "ልጄ፣ በዚህ ነገር ትጫወቻለሽ አሉኝ። እስቲ አሳይኝ" አሉ።

"ኃጢአት ነው አባ?"

"አሳይኝ ብቻ።"

አንድ ዙር ተጫወትኩላቸው። ከእኔ ትከሻ በላይ ሆነው ያያሉ፤ የእሱ ካርታ በወደቀ ቁጥር ትንፋሻቸው ይቆማል። "ምንም አይናገርም?" አሉኝ። "ዝም ነው አባ፤ አርብ ገበያ ከሄደ ወዲህ አኩርፎኛል" አልኳቸው። ተነሡና ጠበሉን ረጩ። በእኔ ላይ፣ በልጄ ላይ፣ በግድግዳው ላይ፤ በመጨረሻ በስልኩ ላይ። ዓይናቸው ስሙ ላይ ተተክሏል። ከንፈራቸው በለመደው መንገድ ሄደ። "አዕርፍ ነፍሰ ገብርከ ወልደ ጊዮርጊስ" አሉ።

እኔ የመሪጌታ ልጅ ነኝ። ግእዝ ከእናት ጡት ጋር ነው የጠባሁት። "የባሪያህን የወልደ ጊዮርጊስን ነፍስ አሳርፍ" ማለት ነው። ወልደ ጊዮርጊስ የምንተስኖት የክርስትና ስሙ ነው። በሕይወት ላለ ሰው ይህ አይባልም። ቄሱ ምን እንዳሉ እንኳ አላወቁም፤ አርባ ዓመት ሙታን ሲፈቱ የኖሩ ሰው ናቸው፣ አፋቸው ቀደማቸው። ጠበሉን ጨርሰው፣ "እግዜር ያጽናሽ" ሊሉ ከጀመሩ በኋላ "እግዜር ያሳድግልሽ" ብለው ወጡ።

አላለቀስኩም። ልጄ ጡቴ ላይ ነበረች። ለአራስ መርዶ አይነገርም፤ ወተቷ ይነጥፋል ይባላል። ደግሞም መርዶ እንዲህ አይደለም የሚነገረው። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ማለዳ መጥቶ፣ ሰው ደግፎሽ ነው። እንዲህ ሾልኮ የመጣ መርዶ እንዴት ተደርጎ ይለቀሳል? እሪ ብል ቄሱን አስጠይቃለሁ፣ አክስቴና ታፈረ አንጀታቸውን አስረው የያዙትን አፈርስባቸዋለሁ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ዋናው ግን እሱ አይደለም። ዋናው ፈራሁ። ካለቀስኩለት ሞተ ማለት ነው። ካላለቀስኩ ግን ይኸው ከፊቴ ተቀምጧል። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት።

ሲወጡልኝ የጨዋታውን ደንብ ከፍቼ አነበብኩ። ድሮ ማንበብ ነበረብኝ። ተጫዋች መሀል ላይ ከጠፋ ኮምፒዩተሩ በስሙ ተቀምጦ ይጫወትለታል ይላል። በቀን አንድ ዙር ካልተጫወቱበት ጠረጴዛው ይዘጋል፤ ከተዘጋ ስሙም ወንበሩም አይመለስም። እንግዲህ ከሦስት ኮምፒዩተሮች ጋር ነበር የከረምኩት። በኋላ እንደሰማሁት፣ ያን አርብ መኪናው ገደል ሲገባ ካርታ በእጁ ነበር። ከዘገየው ካርታ በፊት ያለው የእሱ ነው፤ ከኋላው ያሉት የእሱ አይደሉም። ያንን አንዱን ግን፣ የቆየውን፣ ማን እንደጣለው እስከ ዛሬ አላውቅም። "ሰው ሆንክ" ያልኩት ማንን እንደሆነ ግን አውቃለሁ፣ ያ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

ነጥባችን አራት ሺህ ሦስት መቶ ደርሶ ነበር፤ አለቃና ምስለኔ ገና ሦስት ሺህ አልሞሉም። ልጄ ክርስትና እስክትነሳ ከአርባ ቀን በላይ ይቀራል። በሰማንያው ቀን መርዶውን ይነግሩኛል፣ ያኔ እንደ ሰው አለቅሳለሁ፣ ያኔ ይዘጋ። እስከዚያ ግን ጠረጴዛው መዘጋት የለበትም አልኩ። ስለዚህ በቀን አንዲት ዙር ብቻ እጫወታለሁ፣ እሷንም እሸነፋለሁ።

መሸነፍ ቀላል መስሏችሁ ይሆናል። አምስት እላለሁ፣ ሁለት ብቻ ልበላ እታገላለሁ። ከፊቴ ያለው ግን ያለውን በልቶ ሲጨርስ ትንንሹን ይጥልና የቀረውን እኔ ሳልወድ እበላለሁ። እኔ ሰባ ሳስቀንስ እሱ በማግስቱ አንድ መቶ ሠላሳ ያስገባል። ሒሳብ አስተማሪ ነኝ ብዬ የለ? በወረቀት አሰላሁት፣ በጣቴ አሰላሁት። በሳምንቱ አራት ሺህ አምስት መቶ፣ በሁለተኛው አራት ሺህ ሰባት መቶ። እያፈገፈግሁ ወደ ፊት ይጎትተኛል። "ተው እንጂ" ብዬ ጻፍኩለት አንድ ቀን። ለማሽን ነው የጻፍኩት፣ አውቃለሁ። "ተው፣ ትንሽ ቆይ።" ሦስት እስክቆጥር ካርታውን ጣለ።

መጋቢት እንደገባ አክስቴ ልብሳቸውን ሲያጥፉ አየኋቸው። "ነገ መካነ ኢየሱስ ደርሼ ልምጣ" አሉ።

"ምን አለ?"

"ሰርግ ተጠርቼ።"

"በሁዳዴ ማን ነው የሚዳረው አክስቴ?"

ያጠፉትን ነጠላ ፈተው እንደገና አጠፉት። ታፈረ ከበሩ ላይ ሳል ሳል አለው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ እኔም "ደህና ይሁኑ፣ ሙሽሮቹን ሳሙልኝ" ብዬ ተውኳቸው። ወጥተው ሲሄዱ በጣቴ ቆጠርኩ። ከዚያ አርብ ወዲህ ነገ አርባኛ ቀኑ ነው። ተዝካሩ ነው። መካነ ኢየሱስ፣ አባታችን አጠገብ ቀብረውታል ማለት ነው። የወንድሜ ተዝካር ሲወጣ እኔ በቅቤ የራሰ ገንፎ እበላለሁ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉንም ጠላኋቸው፣ ራሴንም ጨምሬ።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ፣ ፍትሐቱ ያለቀ ይሆናል ብዬ ባሰብኩበት ሰዓት፣ ጨዋታውን ከፈትኩ። አራት ሺህ ስምንት መቶ ዘጠና ላይ ነን። አንድ መቶ አሥር ብቻ ነው የቀረው። ካርታዬን አየሁ፤ ቢበዛ አራት እጅ ነው የሚበላው። "አሥር" አልኩ። ያበደ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። አሥር ብዬ አራት ስበላ ብዙ ነጥብ ይቀነስብናል፣ ከዚያ ወዲያ ለጥቂት ቀናት ነፃ ነኝ።

ከፊቴ ያለው "ሁለት" አለ።

ሁለቱ ተደምረው አሥራ ሁለት። ካሉት አሥራ ሦስት እጆች አንድ ብቻ እንዲያመልጠን ተፈቅዶልናል። ሁለት ያለ ደግሞ ሁለት ነው የሚበላው፤ በአርባ ቀን ውስጥ አንድ ጊዜም ካለው አልፎ አልጎደለም። ደስ አለኝ። ተሳክቶልኛል ብዬ ትንሿን ካርታዬን ጣልኩ።

እሱ በላው። ሁለተኛ ትንሽ ጣልኩ፣ በላው። ሁለቱን ጨርሷል፣ ከዚህ በኋላ የለውም ብዬ ሦስተኛ ጣልኩ። ሦስት ቆጠርኩ፣ አልጣለም። አምስት ቆጠርኩ። አሥር። ልጄ መጥባቷን አቁማ ዓይኗን አፍጥጣ ታየኛለች። ሃያ ላይ ስደርስ ካርታው መጣ። ትልቁ ጥቁር ንጉሥ። እሱም በላ። አራተኛውን አለቃ በላው፣ ተመስገን አልኩ። ከዚያ ወዲያ ግን አለቃም ምስለኔም አንዲት እጅ አላገኙም። እኔ ሳልፈልግ እበላለሁ፣ እኔ ስጥል ከፊቴ ያለው ያነሣል። ሁለት ያለው ሰባት በላ። የእኔ አምስት ሆነ። አሥራ ሁለት ሞላ።

ጠረጴዛው ላይ ባለቀለም ብጥስጣሽ ወረቀት ዘነበ። ማሸነፋችንን በእንግሊዝኛ ጻፈ፤ ከሥሩ የእኔ ስምና የእሱ ስም ጎን ለጎን። ልይዘው ጣቴን ስሙ ላይ ጫንኩ። ልክ እንደዚያ ይዤው ጠፋ። አራት ባዶ ወንበር ቀረ።

ያኔ እሪ አልኩ። ልጅ እንደታቀፍኩ፣ አራስ እንደሆንኩ፣ ጎረቤት እንደሚሰማ ረሳሁት። "ወንድሜን፣ ወንድሜን፣ ብቻዬን አስቀረኸኝ ወይ" እያልኩ ቤቱን አናጋሁት። ጎረቤቶች አጥር ዘለው ገቡ። ታፈረ ከጓሮ እየሮጠ መጥቶ በሩ ላይ ደረቀ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ማን ነገረሽ?" አለኝ።

መርዶ ያለ ጊዜው የተናገረ ሰው ዕድሜ ልኩን ይወቀሳል። ቄሱን አልሰጥም ብዬ ስለነበር የተዘጋጀ ውሸት ነበረኝ። አፌን ስከፍት ግን የወጣው ውሸት አልነበረም።

"ራሱ ነገረኝ" አልኩት። "ቆይ ብለው፣ ብለምነው፣ እንቢ አለኝ። ዛሬ አርባው ነው፣ ልሂድ አለኝ።"

ታፈረ ዳግመኛ አልጠየቀኝም። ልጅቱን ከእቅፌ ተቀብሎ ከአልጋው ሥር መሬት ላይ ተቀመጠና አርባ ቀን አምቆ የያዘውን ለቅሶ ከእኔ ጋር አለቀሰ።